ደብተሩ ማን ቤት ይደር?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። እኛም ሳናላምጥ ስንደግመው ኖረናል። የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ጽፈነዋል፣ በየመጽሐፍ ምረቃው ብለነዋል። እኔም ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንዳልኩት ቤት ይቁጠረው። አንድ ነገር ግን ጠይቀን አናውቅም፤ ወራሹ ማነው? የተጻፈው ስለ እኔ ከሆነ፣ ደብተሩ ደግሞ በሌላ ሰው ሣጥን ውስጥ ከተቆለፈ፣ ወረሰ የሚባለው ማን ነው?

ሌላም ተረት አለን፤ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚል። የመጀመሪያው ተረት መጻፍ ደግ ነገር መሆኑን ይነግረናል። ሁለተኛው ደግሞ ማስታወስና መርሳት ለሰው ሁሉ እኩል እንዳልተከፋፈለ ያስታውሰናል። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ጉዳይ በሁለቱ ተረቶች መሐል ያለ ነው። የመጣው ግን ካልጠበቅሁት ሰፈር፣ ከኮምፒዩተር ሰዎች መንደር ነው።

ይኸውላችሁ፣ ዛሬ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣቶች ብቻቸውን አይሠሩም። አጠገባቸው ረዳት አለ፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የምንለው። እንደ ሰው ያናግሩታል፣ ኮዱን ይጽፋል፣ የተበላሸውን ይፈልጋል፣ ይጠግናል። ጊትሃብ ኮፓይለት የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቅ አለ፤ ክላውድ ኮድ የሚባለው በ2025 መጣ፤ ሌሎችም ሞልተዋል። ያነበቡት ነገር ለጉድ ነው። ሆኖም አንድ ትልቅ ጉድለት ይዘው ነው የተወለዱት፤ ሲያድሩ ይረሳሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተማሩት ትምህርት አንዴ ተቋጥሮ የታሸገ ነው። አብረዋችሁ ሲሠሩ የምትነግሯቸውን የሚይዙት ለዚያች ቆይታ ብቻ በተዘረጋች ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠረጴዛዋ ደግሞ ስፋቷ የተወሰነ ነው፤ ስትሞላ የቀደመው ነገር ይጨመቃል ወይም ተገፍቶ ይወድቃል። አዲስ ቆይታ በከፈታችሁ ቁጥር ጠረጴዛዋ ባዶ ናት። በሕክምና ታሪክ ውስጥ ሄንሪ ሞላይሰን የሚባል አሜሪካዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ለሚጥል በሽታው ሲባል አንጎሉ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ሞተበት እስከ 2008 ድረስ አዲስ ትዝታ መያዝ አልቻለም። ለዓመታት ስታጠናው የኖረችውን ሳይንቲስት በተገናኙ ቁጥር እንደ እንግዳ ነበር የሚቀበላት። የእኛም ረዳት እንዲያ ነው ማለት ነው፤ ጨዋ፣ አዋቂ፣ ግን ትናንት የሌለው።

ለዚህ የተገኘው መድኃኒት አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ደብተር ነው! ባለቤቱ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ይቀመጣል፤ አንዳንዶቹ ትንሽ የመረጃ ቋት ይጠቀማሉ። ረዳቱ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ደብተሩን ያነባል፤ ሲሠራ የተማረውን ጫር ጫር ያደርግበታል። በማግስቱ ደብተሩን ይከፍትና ትናንትን ከዚያ ይዋሳል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ አንድ ወጣት አግኝቼ ነበር፤ ባሮ ዳር፣ ማንጎ ጥላ ሥር፣ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ለአንድ አነስተኛ የቁጠባና ብድር ማኅበር የመዝገብ ፕሮግራም ይጽፋል።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ በየማለዳው ጳጉሜን ሳስተምር ነው የምውለው» አለኝ።

«ለማን?»

«ለረዳቴ ነዋ! አሥራ ሦስተኛ ወር ሲያይ ስሕተት ነው ብሎ ይጥልብኛል። እነግረዋለሁ፤ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ያስተካክላል። ነገ ስከፍተው ግን ዓመቱ ተመልሶ አሥራ ሁለት ወር ነው።»

ሁለተኛው ትምህርት የስም ነው። በአኙዋክ ዘንድ የወንድ ስም በአብዛኛው በ«ኦ»፣ የሴት ስም በ«አ» ይጀምራል። ኦሞድ፣ ኦጁሉ፣ ኦቻላ የሚባሉ ሰዎች በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሞልተዋል። ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ማግኘት ብርቅ አይደለም። ረዳቱ ግን ይህን ሲያይ «ሁለት ጊዜ የተመዘገበ» ይልና ሁለቱን አንድ ሰው ያደርጋቸዋል። አስቡት እንግዲህ፤ የአንዱ ቁጠባ ከሌላው ዕዳ ጋር ተደባልቆ! ሦስተኛውን ስም ደግሞ «የቤተሰብ ስም» ይለዋል። የኛ አገር ሰው የአያቱን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም እንደሌለው ይነገረዋል፤ ይገባዋል፤ ይረሳል።

እዚህ ላይ ነው እኔን ነገሩ ከኮምፒዩተር አልፎ የሞራል ጥያቄ ሆኖ የታየኝ። የረዳቱ መርሳት ለሁሉም እኩል አይደለም። ለንደን ተቀምጦ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ሰው ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር ነው፤ ስሙ መጨረሻ ላይ የቤተሰብ ስም አለ። ረዳቱ ከመወለዱ በፊት ይህን ሁሉ አንብቦ መጥቷል። ለለንደኑ ሰው ረዳቱ ቢረሳ የሚቀርበት ነገር ጥቂት ነው፤ ዓለም ቀድሞ ያስታወሰለት ሰው ነውና። የጋምቤላው ልጅ ግን በየማለዳው ራሱን ከሀ ጀምሮ ማስተዋወቅ አለበት። ጊዜው ይሄዳል፣ በውድ የተገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ይሄዳል፣ ከሁሉ በላይ ትዕግሥቱ ይሄዳል። እናም አንድ ቀን ይደክመውና «ይሁን፣ ጳጉሜ ትቅር» ይላል። ባህል የሚሞተው በአዋጅ ብቻ ይመስላችኋል? አንዳንዴ እንዲህ በድካምም ነው የሚሞተው።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ አምስት ሚሊዮን ኮድ ጸሐፊዎችን የማሠልጠን ዕቅድ ይፋ አድርጓል። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ነው ጳጉሜን ሲያስተምር የሚውለው? ስለዚህ ለረዳቱ የሚያድር ትዝታ መስጠት ለኛ ቅንጦት አይደለም። አንዴ የተናገርነው ነገር እንዲያዝልን የመጠየቅ መብት ነው። ወጣቱ ደብተሩን ከከፈተለት ወዲህ ጳጉሜ የመጀመሪያው መስመር ላይ ተጽፋለች።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ አይደለም። ፕላቶ «ፋይድሮስ» በተባለው ድርሰቱ የሚያወራውን የግብፁን ንጉሥ ታሙስን አስታውሱ። ቴውት የተባለው አምላክ ፊደልን ፈልስፎ ሲያቀርብለት፣ ንጉሡ ይህ ነገር ሰዎችን አስታዋሽ ሳይሆን ረሺ ያደርጋቸዋል ብሎ ሰጋ፤ ውስጣቸው ያለውን ትተው ውጭ ባለ ምልክት ይታመናሉና። ለተማሪዎቼ ይህን ታሪክ ስነግራቸው ይስቁ ነበር፤ የንጉሡን ስጋት እንኳ ያወቅነው ተጽፎ ስለቆየን ነው እያሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ከንጉሡ ስጋት አንዷን ቁራጭ እስካሁን አልጣልኩም። ከሰው ውጭ ያለ ትዝታ ከሰው ተለይቶ መሄድ ይችላል። የራሴን ትዝታ ማንም ተሸክሞት አይሄድም፤ ደብተሬን ግን ይሸከመዋል።

ይህን ደግሞ ከጋምቤላ በላይ የሚያውቅ ከተማ ያለ አይመስለኝም። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል አራተኛ አንቀጽ፣ ባሮ ዳር ኢታንግ አካባቢ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ተፈቀደ። የወንዝ ዳሩ ከ2000 ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱ ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፤ ዘመኑም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ። የተመረጠው ቦታ ጋምቤላ ሆነ። ክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም ይመጣል፤ ጨውና ጨርቅ ያራግፋል፣ ቡና ጭኖ ይመለሳል። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

መሬቱ ተመለሰ፤ ደብተሩ ግን አልተመለሰም። በዚያ ዘመን በሱዳን ያገለገሉ የእንግሊዝ ሹማምንት ደብዳቤና ማስታወሻ ዛሬ በብዛት የሚገኘው እንግሊዝ አገር፣ ዱራም ዩኒቨርሲቲ ባለው የሱዳን ቤተ መዛግብት ነው። ኤቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው ምሁር ድንበር ሳይለያቸው ወዲህም ወዲያም ስለሚኖሩት ስለ ኑዌርና ስለ አኙዋክ ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1940 አሳተመ፤ ያነሳቸው ፎቶግራፎች ኦክስፎርድ፣ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ናቸው። አትሳሳቱ፤ እሳትም ምስጥም ሳይበላው መቆየቱ ትልቅ ውለታ ነው፤ ፎቶግራፎቹንም በኢንተርኔት ማየት ይቻላል። ነገር ግን የአያቱን ፊት ለማየት የሰው በር ማንኳኳት ያለበት ልጅ፣ ከሥዕሉ ሥር የተጻፈው መግለጫ ቢሳሳት ብዕር አንስቶ ማረም አይችልም። ይለምናል እንጂ።

የወጣቱ ደብተር በገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ መሆኑ ስለዚህ ነው ቁም ነገር የሚሆነው። የረዳቱ ትዝታ ባሕር ማዶ ባለ የኩባንያ ቋት ውስጥ ቢቀመጥ ኖሮ ምን እንደተጻፈ እንኳ በቅጡ ላያይ ይችላል። እውነቱን ለመናገር በአገር ቤቱም ደብተር ላይ አንድ ነገር አለ። ደብተሩ ቤት ያድራል እንጂ ቀን ቀን ሥራ ይወጣል፤ ረዳቱ የሚያስበው ሩቅ ባለ ማሽን ከሆነ፣ ለማንበብ ሲል የደብተሩን ገጽ ወደዚያ ይልከዋል። ረዳቱን ራሱን በገዛ ኮምፒዩተር ላይ ማሠራትም ይቻላል፤ ለዚያ ግን አቅም ያለው ማሽን ያስፈልጋል፣ እንዲያም ሆኖ ብልኃቱ ከትልልቆቹ ያንሳል። ቢሆንም ሊያዩት፣ ሊቆጥሩት፣ ሊቀዱት የሚችሉት ደብተር ከማያዩት ይሻላል። ለምን እንደሚሻል ልንገራችሁ።

ወጣቱ አንድ ቀን የብድር ስሌቱን ለመፈተሽ ከማኅበሩ መዝገብ የአንዲት እናትን ሒሳብ ለረዳቱ ያሳየዋል። በዚያን ጊዜ ክፍያዋ ዘግይቶ ነበር፤ ክረምቱ ከብዶ፣ ባሮ ሞልቶ፣ ማሳዋን ውሃ ወስዶት። ረዳቱ ትጉህ ነውና ደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ «እኚህ አባል ዕዳቸውን በጊዜ አይከፍሉም፤ የማስጠንቀቂያውን መልእክት በእሳቸው ሒሳብ ሞክር» ብሎ። ወራት ያልፋሉ። ሴትዮዋ ዕዳቸውን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ይከፍላሉ፤ በማኅበሩ መዝገብ ላይም ይሰረዝላቸዋል። ወጣቱ ደግሞ «ብድር ቢሰጣቸው የሚያሰጉ አባላትን የሚለይ ክፍል ሥራልኝ» ብሎ ረዳቱን ያዛል። የመጀመሪያዋ ምሳሌ ማን ሆና ብትመጣ ጥሩ ነው? እኚያው እናት!

«ደነገጥኩ» አለኝ። «ሰው የረሳላቸውን እሱ ያዘባቸው።»

ማንም ክፉ አላሰበም፤ ረዳቱ ቂም የለውም። ይህ ነው የሚያሳስበኝ። ሰው ቂም ሲይዝ ፊቱ ይጠቁራል፣ ሽማግሌ ያየዋል፣ «ምን ሆነሃል?» ይባላል። የደብተር ቂም ግን ፊት የለውም። ያን ዕለት እውነት የነበረ አንድ መስመር፣ እውነትነቱ ካለቀ በኋላም ሥራውን ይቀጥላል። ወጣቱ ደብተሩን ከፈተ፤ ያችን መስመር አገኛት፤ ሰረዛት። አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ደብተሩ እጁ ላይ ባይሆን ኖሮ ግን እኚያ እናት ለምን ብድር እንደተከለከሉ ሳያውቁ በኖሩ ነበር።

ኤቫንስ ፕሪቻርድ ስለ ኑዌር ከጻፈው ውስጥ ሁሌ የሚገርመኝ የደም ነገር ነው። ሰው የተገደለባቸውና የገደሉት ወገኖች በአንድ ዕቃ አይበሉም፣ አይጠጡም። ከዚያ የነብር ቆዳ የሚለብሰው አስታራቂ መሐል ይገባል፣ ከብት ይከፈላል፣ ሥርዓት ይፈጸማል። ልብ ውስጥ የሚቀር ነገር ሊኖር ይችላል፤ ትዝታው አይጠፋም። ግን ሁሉም ሰው የሚያውቀው የመዝጊያ ቀን አለው። ደጋውም አገር ሽምግልናና የጉማ ካሣ ያውቃል። እኛ ለትዝታ መዝጊያ ያበጀን ሕዝብ ነን። ለረዳቶቻችን ትዝታ ስንሰጥ መጻፊያውን ብቻ ሰጥተን መዝጊያውን ከረሳን፣ ከአባቶቻችን አንሰን ተገኘን ማለት ነው።

ሕጉም ይህን አይቶታል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘ የተሳሳተ መረጃ እንዲታረምለት፣ እንዲሰረዝለትም የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ግን ባሮ ዳር ያሉ አንዲት እናት አንድ ረዳት ስለ እሳቸው ደብተር እንዳለው በምን ያውቃሉ? መብትን ለመጠየቅ መጀመሪያ መጻፉን ማወቅ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ግን ልጠንቀቅ። «መሰረዝ ደግ ነው» ብዬ ከሄድኩ መሰረዝ የሚናፍቁ ብዙ ናቸው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ቀናት ጋምቤላ ከተማ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ አኙዋኮች ተገድለዋል። የዚያን ቀን ስም ዝርዝር ይሰረዝ የሚል ሰው ቢመጣ «የወጋ ቢረሳ» የሚለው ተረት የተተረተው ለእሱ ነው። እንግዲህ መለያው ይኸው ነው፤ ይሰረዝ የሚለው ማነው? ዕዳዋን የከፈለች እናት ስለ ራሷ የተጻፈው ይሰረዝልኝ ስትል እና ጉልበተኛ ስለ ሠራው ነገር የተጻፈው ይሰረዝ ሲል፣ ቃሉ አንድ ነው፤ ነገሩ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ትዝታ ደካማውን አንቆ የሚይዝ ገመድ ሲሆን ይፈታ፤ ጉልበተኛውን የሚጠይቅ ምስክር ሲሆን ይጠበቅ።

ታዲያ ደብተሩ ማን ቤት ይደር? «በወጣቱ ላፕቶፕ» ማለት ጥሩ ጅምር ነው፤ አይበቃም። ላፕቶፕ ይሰረቃል፤ ወጣቱ ነገ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ አዲስ አበባ ይሄዳል። በየመሥሪያ ቤቱ ያየነው አይደል? ሠራተኛው ሲዛወር የሥራው ትዝታ አብሮ ይዛወራል፤ የሚመጣው ከዜሮ ይጀምራል። ለዱራም የተናገርኩት ለወጣቱም ይሠራል። ደብተሩ የማኅበሩ እንጂ የእሱ አይደለም። ሌላም ችግር አለ፤ ረዳቱ ደብተሩን የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነበር። የተጻፈባቸው ሰዎች የማያነቡት ደብተር ደግሞ እዚሁ ጎረቤት ቢቀመጥም ኦክስፎርድ እንዳለ ቁጠሩት።

እኔ ለዚህ ነገር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ባይ ነኝ። በየከተማው እድር አለን። የእድር ጸሐፊ ደብተር ይይዛል፤ ደብተሩ ግን የጸሐፊው አይደለም። በስብሰባ ቀን ተነሥቶ ያነባል፤ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ። «ይሄማ ተከፍሏል!» የሚል ካለ እዚያው ደረሰኝ ይታያል፣ እዚያው ይታረማል። ጸሐፊው ሲቀየር ርክክብ ይደረጋል። ደብተሩ ተጽፏል፣ ይነበባል፣ ይታረማል፣ ይወረሳል። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ትዝታ ከሠለጠኑት አገሮች የምንማረው ብዙ ነው፤ ይህችን ግን እኛ ልናስተምራቸው እንችላለን።

ወጣቱ አሁን ረዳቱ ማስታወሻውን በአማርኛ እንዲጽፍ አድርጎታል፤ የአባላት ስም ደብተሩ ላይ እንዳይገባም ከልክሎታል። ትልቅ ነገር ነው። እኔ የጨመርኩለት አንድ ምክር ነው። ማኅበሩ በወር አንዴ ሲሰበሰብ የሒሳብ ጸሐፊው ካነበበ በኋላ፣ አንተም የረዳትህን ደብተር አንብብላቸው፤ አማርኛ ለማይሰማው በአኙዋክኛ፣ በኑዌርኛ ይተርጎምለት አልኩት። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

«ጋሼ፣ ስለ ጳጉሜ ሳነብላቸው አይስቁብኝም?» አለኝ።

ይሳቁ እንጂ! ከሚስቁት መሐል አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው «ቆይ ልጄ፣ ይሄኛው መስመር ልክ አይደለም» የሚሉበት ቀን ይመጣል።